ጠላም ይቀዳል፣ ድምፅም ይቀዳል

«ጠላ በወሬ አይጠመቅም!» ብሎ ተነሳብን። አያ ምንያደርጋል ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በየጠላ ቤቱ፣ በየሻይ ቤቱ፣ በየመናኸሪያው ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፤ አዲስ ነገር በሰማ ቁጥር «ምን ያደርጋል?» ሳይል አያድርም። ዘንድሮ የተነሳብን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በማንኩሳና በገበዝ ማርያም ዙሪያ በየቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎችን ጨዋታ በስልክ እየቀዳን ፖድካስት ልንጀምር ነው፣ በወር አንድ ማታም ቴሌግራም ላይ በድምፅ እንሰባሰባለን ስላልነው ነው።

በወሬ አይጠመቅም፤ እውነትህን ነው አያ። በኩርፊያስ ይጠመቃል? ይህን ሁሉ ዘመን ስትጠጣ አንድ ጋን ጠንስሰህ ታውቃለህ? የጠነሰስከው ነገር ቢኖር ጠብ ነው፤ እሱንም ሳይበስል ነው የምትደፋው። ጌሾው ስንት ቀን ይቆይ፣ ብቅሉ መቼ ከቅጠሉ ይውጣ፣ እንኩሮው ምን ያህል ይጥቆር ብሎ መነጋገር ወሬ ከሆነ፣ አዎ፣ ወሬኞች ነን! የእኛ ወሬ ሲያልቅ ጠላ ይወጣዋል። ያንተ ሲያልቅ አተላ ነው የሚተርፈው። የጠላውን አተላ እንኳ ከብት ይጠጣዋል፤ ያንተን ላሟ አሽትታ ነው የምታልፈው።

ሁለተኛው ጥይቱ፦ «ይኼ የፈረንጅ ነገር ነው።»

ምኑ ነው የፈረንጅ? ወር ጠብቆ መሰባሰቡ? ታዲያ በየወሩ በ21 ነጠላህን አጣፍተህ ጎረቤት የምትገባው ፓሪስ ልትሄድ ነው? የጽዋ ማኅበር ቀን አለው፣ ተራ አለው፣ ሙሴ አለው። ተረኛዋ ጠምቃ ትጠብቃለች። የቀረ ሰው «ለምን ቀረህ?» ይባላል። እኛ ከዚህ ሥርዓቱን ተማርን እንጂ ጽዋውን አልነካንም፤ ጽዋው የማርያም ነው፣ የእኛ የሙያ ነው። ልዩነቱ ተረኛችን ደምበጫ ሆና ስትናገር ጥያቄው ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ሊመጣላት መቻሉ ነው። አንተ ከሰፈርህ የምትወጣው ለለቅሶ ብቻ ስለሆነ ሩቁ ሁሉ ፈረንጅ ይመስልሃል።

ወይስ የፈረንጅ የሆነው በጆሮ መስማቱ ነው? እንግዲያው ወደ ማንኩሳ ልውሰድህ፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄድ መንገድህ ላይ ናት። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ ጀግና፣ የበዛብህ አገር። ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በ1958 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉን ገዝቶ ያነበበ አለ፤ ብዙው ሕዝብ ግን የሰማው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ጸጥ አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ዙሪያውን ቤት ሙሉ ጆሮ። ይኼ ፖድካስት ካልሆነ ምንድን ነው? አንተም አልቅሰህበታል አያ፤ አትካድ! በዛብህ ሲሞት አፍንጫህን በጋቢህ ጫፍ ስትጠርግ ያየህ ሰው አለ። የማንኩሳን ልጅ ፍቅር በጆሮህ ሰምተህ ካለቀስክ፣ የማንኩሳን እናት ጠላ በጆሮህ ሰምተህ ምራቅህን ብትውጥ ምን ትሆናለህ?

ፈረንጅ፣ ፈረንጅ ካልክ ደግሞ እስቲ ፈረንጅ እንጥራ። ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ድረስ መጣ። ምንጩን ሲያይ በደስታ ፈነጠዘ። ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጽዋ አነሳ። በምን? በምንጩ ውሃ! ጎጃም መሀል ቆሞ፣ የማርና የገብስ አገር ላይ፣ በውሃ! ያን ያህል ባሕርና በረሃ አቋርጦ መጥቶ ጎረቤት ያለውን ጋን ሳይጠይቅ ቀረ። ጠማቂና ጠያቂ ካልተገናኙ የሚሆነው ይኼ ነው። አንተም አያ፣ ምንጩ አጠገብ ተወልደህ በውሃ የምትቀረው በዚህ አያያዝህ ነው።

ፈረንጆቹ ግን ኋላ ነቁ። አሜሪካ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን በፌዴራል ሕግ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ፈርመው። በዚያው ዓመት ቻርሊ ፓፓዚያን የሚባል ሰው ከጓደኛው ጋር ሆኖ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ቦልደር ከተማ፣ የቤት ጠማቂዎች ማኅበር አቋቋመ። እዩት እንግዲህ! ትናንት የተፈቀደለት ዛሬ ማኅበርተኛ ሆነ፤ ከአያት ከቅድመ አያት ሲጠምቅ የኖረው ግን «ምን ያደርጋል?» እያለ ይፎክራል። የእኛን ጠጅ አጣጣል እንኳ ሃሪ ክሎማን የሚባል የፒትስበርግ ሰው በእንግሊዝኛ እየተነተነ ያስተምራል። ፈረንጁ ጌሾ በፖስታ አስመጥቶ ጠጅ ይጥላል፤ አንተ ጌሾው ጓሮህ ቆሞ ከሰው ትጣላለህ። ጣል እንጂ አትጣላ!

ሦስተኛ፦ «ሙያ ምስጢር ነው፤ አደባባይ አይወጣም።»

ከማን ነው የተደበቀው? ሚስትህ ታውቀዋለች። አማትህ ታውቀዋለች። የጎረቤትህ ልጅ ታውቀዋለች። እዚያ ቤት ውስጥ ምስጢሩ የተደበቀው ካንተ ብቻ ነው! ይልቅስ ከምር የሚያሳስበኝን ልንገርህ። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ ከውሃ ጋር ይገባል፤ ያ ጥንስሱ ነው። ቀን ቆጥሮ ብቅሉና ቂጣው ይጨመራል፤ ድፍድፍ ይሆናል። እንኩሮው ይከተላል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላና አፉ ይመረጋል። ይኼን ማንም ያወራዋል። አሁን ቁጭ በልና አንዲት የሰባ ዓመት እናት «እማማ፣ ብቅሉ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። እጇን ዘርግታ ታሳይሃለች። «ይኼን ያህል።» ውሃውስ? «እስኪበቃው።» ስንት ቀን? «እንደ ብርዱ ነው ልጄ።» መጽሐፉ መዳፏ ላይ ነው ያለው። ደጋው በገብስ ይጠምቃል፤ ወይና ደጋው በዳጉሳና በበቆሎ። ያንዷ እጅ ከሌላዋ አይገጥምም፤ የሰከላው ልክ ቡሬ ሲወርድ ይቀየራል። ልጆቿ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ገብተዋል፤ የልጅ ልጆቿ ጠላ የሚያውቁት በፕላስቲክ ጆግ ተቀድቶ ሲመጣላቸው ነው። ያቺ እናት ያለፈች ቀን ያ «ይኼን ያህል» አብሯት ይቀበራል። አንተ ምስጢር ጠበቅሁ ትላለህ፤ የጠበቅከው መቃብር ነው። የጋን መብራት የሚባለው ይኼው አይደለም? እኛ ጋኑን ልንሰብር አልመጣንም፤ ክዳኑን ገለጥ አድርገን መብራቱ ይታይ ነው ያልነው።

«ታዲያ በስልክ ሽታው አይሰማ፣ ጣዕሙ አይቀመስ!» ብሎ ፈገግ አለ፤ አሁን እንኳ ረታሁ ብሎ ነው።

ቀመስክና ምን አወቅህ? ዕድሜህን ሙሉ ቀምሰህ የምታውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ድገሚኝ» እና «ጻፊብኝ»። አንዲት ሙያተኛ ጋኗን ስትጎበኝ አይተህ ታውቃለህ? ቀድማ አትቀምስም። ነጠላዋን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ ጎንበስ ትላለች፤ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አፍ ታስጠጋለች። ውስጡ ሽሽሽ ይላል፤ አልፎ አልፎ ቡልቅ። ቡልቅታው ችኩል ከሆነ ገና ነው፤ «ይፈላል» ብላ ትከድነዋለች። ድምፁ ሳስቶ፣ ተራርቆ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቡልቅ ብሎ ዝም ሲል «ደርሷል» ትላለች። ያለጊዜው ዝም ካለ ደግሞ ፊቷ ይለወጣል፤ ብርድ ገብቶበታል፤ ጋኑን ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች፣ ትንሽ ብቅል ትጨምርለታለች። ይኼ ሁሉ በጆሮ ነው! ጠላ ራሱ ሲናገር የሚውል ነገር ነው፤ ያልሰማኸው አንተ ነህ፣ ስትናገር ስለምትውል። ማይክ ጋኑ አፍ ላይ ብናስጠጋ፣ አንዲት ጥንስሷ የከሸፈባት የአዲስ አበባ ልጅ «የኔው እንዲህ አላለም!» ብላ ስህተቷን ባንድ ደቂቃ ታገኘዋለች። ጉሹንና የጠራውን በዐይን ይለዩታል፤ የሚፈላውንና የቆመውን ግን በጆሮ ነው።

«ኔትወርክ የለም!» አለ።

አለህ አንተ፣ ካልጠፋ ነገር! ዳታ ለወራት ጠፍቶ ኖረናል፤ ዘፈኑ ግን ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ሲዞር ከርሟል። አንድ ሰው ፍኖተ ሰላም ላይ ያወርዳል፤ ቅዳሜ ገበያ የመጣ ሁሉ ተቀብሎ ይሄዳል። ሐሜትህ ያለ ኔትወርክ ሰከላ ደርሶ የለ? ከሐሜት የማያንስ መላ እኛም አለን።

«ሕግ ይከለክላል!» አሁን ደግሞ ዳኛ ሆነ። አያ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የከለከለው የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥንም። እኛ «ግዙ፣ ጠጡ» አንልም። የምንለው «እንዲህ ይታጠባል፣ እንዲህ ይጠነሰሳል» ነው። ዕድሜው ያልደረሰም ከእኛ ማኅበር አይገባም፤ ለእሱ የብርዝ አሠራር እናስተምረዋለን፤ ማርና ውሃ፣ ሳይፈላ። አንተ አዋጅ ስትጠቅስ የሰማሁህ ዛሬ ነው፤ የጠላ ዕዳ ስትጠየቅ ግን «በቃል ነው የተስማማነው» ትላለህ።

«ስካር ልታስፋፉ ነው» የሚለው ግን መልስ ይገባዋል፤ እዚህ ላይ ቀልዴን ገታ አደርጋለሁ። ሰካራም መጥመቅ አይችልም። ብቅል ለማብቀል ቀን ይጠበቃል፣ ጥንስስ ቀን ይጠበቃል፣ ድፍድፍ ቀን ይጠበቃል፤ ጥማቱ የሚጣደፍ ሰው ጋኑ ሳይደርስ ሌላ ቤት ይገባል። ሙያውን የሚያውቅ ልኩን ያውቃል፤ ጠላ ለስለስ ያለች ናት፣ በመቶ ጥቂት እጅ ነው አልኮሏ፤ ጠጅ ወደ ዐሥር ይጠጋል፤ ዳግም አረቄ ግን ወደ 45 ይወጣል። ይኼን ያላወቀ ሰው ነው ሦስቱንም በአንድ ኩባያ ልክ የሚለካው። ጠማቂዎቹ ሲነጋገሩ ደግሞ ሌላም ይወጣል፤ መድኃኒት ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ውስጥ ድፍድፍ እንዳይገባ፣ ያልታወቀ ዱቄት «ቶሎ ያደርሳል» ተብሎ እንዳይጨመር። ይኼን ዝም በሉ የሚል ሰው ለጤና የተቆረቆረ አይደለም። አያ፣ ስካር የሚስፋፋው በእውቀት አይደለም፤ ካንተ አጠገብ በመቀመጥ ነው።

«ቢራ እያለ ጠላ ምን ያደርጋል?» ይኸው መጣ፤ ስሙን የሰጠው ጥያቄ!

ቢራህን እንየው። ባቫሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1516 ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ ይጠመቅ ብለው ደነገጉ። እርሾ የሚባል ነገር አልጠቀሱም፤ ቢራቸውን የሚያፈላው ምን እንደሆነ ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር መጥቶ እስኪያስረዳቸው ከ300 ዓመት በላይ ጠበቁ። ሆፕስ የሚሠራውን ሥራ እኛ ዘንድ ጌሾ ይሠራዋል፤ ይመራል፣ ጠላውንም ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። እነሱ ያቺን ሕጋቸውን ዛሬም በማስታወቂያ ይኮሩባታል፤ የእኛይቱ እናት ከዚያ የረዘመውን ሕግ በቃሏ ይዛው ስሟን የሚጠራ የለም። ቢራ ፋብሪካው እንዳይዘጋ አታልቅስለት፤ ጠርሙሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ሞያሌም ብትጠጣው ቡሬም ብትጠጣው ያው ነው። ጠላ ግን በርበሬ በተሰጣበት ግቢ የተጠመቀውና ከወፍጮ ቤት ጎን የተጠመቀው አይገናኝም። ጠላን የጠላ ቢራውን ይዞ ይቀመጥ! ግን ጮክ ብሎ አያግሳ፤ እየቀዳን ነው።

የመጨረሻዋን ጥይት ሳይተኩሳት አልቀረም፦ «እሺ፣ ሴቶቹ ማይክ ፊት ምን ይናገራሉ? ያፍራሉ።»

ያፍራሉ! እነሱ! በሰርግ ቤት የሙሽራውን ዘመድ አንድ በአንድ በስንኝ እየጠሩ ላብ የሚያስጠምቁት እነሱ ያፍራሉ? ለቅሶ ላይ አንዲት ሙሾ አውራጅ ተነስታ ባወረደች ጊዜ ጢማም ሁሉ እንደ ሕፃን ሲያነባ አላየህም? እነሱ አላፈሩም፤ የሚጠይቃቸው ጠፍቶ ነው። ደጃቸው ላይ ዘንግ ተክለው ጣሳ ደፍተውበታል፤ ያ ጣሳ «ጠላ አለ» ይላል፣ የጠመቀችው ማን እንደሆነች ግን አይናገርም። ስንት ዓመት ጣሳውን አይተህ ገባህ፣ ጠጣህ፣ ወጣህ! አንድ ቀን «እታለም፣ ይኼን እንዴት ነው ያደረግሽው?» ብለሃል? አላልክም። «ትንሽ ቀጥኗል» ነው ያልከው፤ እሱንም አምስተኛውን ጣሳ ጨርሰህ። ቅራሪ እንኳ ቢሰጡህ አትለየውም፣ ቅሬታ ግን አታጣም። እኔ የምፈራው ሴቶቹ ዝም ይላሉ ብዬ አይደለም፤ ከጀመሩ የአያ ምንያደርጋልን የዱቤ መዝገብ በስሙ ያነቡታል ብዬ ነው። የተቃወመበትም እውነተኛ ምክንያት ይኼ ሳይሆን አይቀርም!

አትፍራ አያ፤ ዕዳህን ቆርጠን እናወጣዋለን። አንተም ና። ቦታ አለህ፤ ገበዝ ማርያም ጎበዝ አጥታ አታውቅም፣ አንተንም ጎበዝ ታደርግሃለች። ግን ባዶ አፍህን አትምጣ፤ አንድ ጥያቄ ይዘህ ና። «ለምን መረረ?» በል። «ለምን ቆመጠጠ?» በል። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ሲባል ሰምተሃል፤ ብርሌው ስልክ ሆነ ብለህ ጠጁን አትድፋው። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነውና ያን ማታ ሐሜት አይሰፈርም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ትችለዋለህ ብዬ አምናለሁ።

ለቀራችሁት ደግሞ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫ፣ በሰከላ፣ በቋሪት፣ በወምበርማ ላላችሁ፣ አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ሆናችሁ በባልዲ ለምትጠነስሱም፣ የመጀመሪያው ዝግጅት ስለ ጥንስስ ነው። የእናታችሁን፣ የአክስታችሁን፣ የራሳችሁን ድምፅ ላኩልን፤ የቀበሌያችሁን ስም፣ የምትጠምቁበትን እህል፣ ጌሾው የሚቆይበትን ቀን፣ አንድ ጊዜ የተበላሸባችሁንና ምን ብታደርጉ እንደተስተካከለ ንገሩን። ስም ካልፈለጋችሁ ስም አንጠራም። ሰው ፊት መናገር የከበዳችሁ ከሆነ ስልኩን ክፈቱና ጋኑ አፍ ላይ አስቀምጡት፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲፈላ ቅዱት፣ የአካባቢውን ስም ጨምራችሁ ላኩት። ከእሱ እንጀምራለን።